ሦስተኛው መርፌ

ኤንካሬ ናይሮዋ፣ ሲማንጂሮ
ኖቬምበር 4 ቀን 2003

ለፓኪቴንጌ ለሜፑኮሪ ኦሌ ታሩስ፣ ታንጋ ከተማ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ልጆችህንና ከብቶችህን እጠይቃለሁ፤ በዚያ ጨው ጨው በሚሸተው ወደብ አንድ ቀንድ እንኳ እንደሌለህ ባውቅም፣ ሰላምታን በግማሽ ማድረስ አልለመድኩምና ባይኖሩም ጠይቄያቸዋለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ልጆች ደኅና ናቸው፤ ከብቶችም፣ ኤንጋይ ይመስገን፣ ከዘገየው ዝናብ ጋር እየተሟገቱ በእግራቸው ቆመዋል። ሦስት ጊዜ ጽፈህልኝ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልመልስ መቅረቴን በምክንያት ልሸፍነው ብሞክር ምክንያቱ ከጥፋቱ ይረዝምብኛልና፣ ይቅርታህን ብቻ ለምኜ ወደ ጠየቅኸኝ እሄዳለሁ።

ትበላለች ወይ ላልከው፣ ትበላለች። ባለቤቴ ኖልማሬይ የቅሉን ወተት ጨልጣ ካላየቻት ከፊቷ አትነሣም። ይሰሟታል ወይ ላልከው ግን በአንድ ቃል ልመልስልህ አልችልም፤ ልጅህ ናሲኤኩ፣ የእድሜ ጓዴ ልጅ ናትና ልጄ ናሲኤኩ፣ ያን ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭስ የሚተፋ የብረት ጋን ከመኪና አውርዳ ከትልቁ ግራር ሥር ባስቀመጠች ጊዜ፣ ሽማግሌው ሁሉ የከበባት ሊሰማት ሳይሆን ሊስቅባት ነበርና። ቀድሞ አፉን የከፈተውም፣ ማን ይሆናል ብለህ ትገምታለህ፣ ሞይንጋ ነው፤ ያ ምላሱ ከበረቱ የሚሰፋ ጓዳችን፣ በረቱም ጠባብ እንዳይመስልህ።

"ልጄ፣" አላት ጋኑን በበትሩ እየነካካ፣ "እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ኦልቲካና ነው፣ አባቴ።"

"ጥጃ ገዳዩ በሽታ ራሱ?"

"ራሱ። ከመዥገር ምራቅ የተወሰደ።"

"እኛ ዘንድ ጠፍቶብን ነው ከከተማ ድረስ ተሸክመሽ ያመጣሽልን?"

ሳቁ እስኪያባራ ጠበቀች፤ እርሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ፣ "እናንተ ጋ ያለው ያልተመጠነ ነው፤ የእኔ የተመጠነ ነው፣" አለች። "በአንዱ መርፌ በሽታውን፣ በሌላው መርፌ በሽታውን የሚገታውን መድኃኒት፣ በአንድ ጊዜ እሰጣታለሁ። ጥጃዋ ጥቂት ትታመማለች፤ ትታገለዋለች፤ ታሸንፈዋለችም። ከዚያ ወዲያ መዥገር ቢነክሳት ሰውነቷ በሽታውን ያስታውሰዋል።"

"ጥጃ ያስታውሳል ነው የምትይኝ? የእኔ ሚስት እንኳ ትናንት ያልኳትን አታስታውስም።"

"እርስዎ ያሏት የሚታወስ አልነበረም ይሆናል፣ አባቴ።"

ፓኪቴንግ፣ በዚያ ቅጽበት ግማሹ መንደር ልቡን ሰጣት። ግማሹ ግን ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ቁጥር በጠየቀች ጊዜ ጨርሶ ሊጠፋት ተቃረበ። ከጋኑ የወጣው ክትባት በአራት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የሚደፋ ነውና ስንት ጥጃ እንደሚመጣላት አስቀድማ ማወቅ ነበረባት፤ አንተም እንደምታውቀው ከብቱን ቆጥሮ ሞትን የሚጠራ ሰው በመካከላችን የለም። እርሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ ወደ ሴቶቹ ዞረችና፣ "እናቶቼ፣ ነገ ጠዋት ጥጆቻችሁን የምታስሩባቸውን ገመዶች ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ፤ እኔ ገመድ ነው የምቆጥረው፣" አለቻቸው። በማግሥቱ ከእግሯ ሥር ተራራ የሚያህል ገመድ ተከመረ፤ ሞይንጋም እንኳ ሚስቶቹን ልኮ ነበር። ይህን ብልኃት ማን አስተማራት? አንተ ከሆንህ እጅህን እስማለሁ፤ ማንም ካላስተማራት ደግሞ የእርሷን።

አሁን ወደ ናዶ ልምጣ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በዚሁ በኦልቲካና በረቴ ባዶ ቀርቶ፣ አመዱ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያቺን ቀይ ላምህን ናዶን እየነዳህ መጥተህ አንዲት ቃል ሳትናገር ከደጄ አስረሃት ሄድክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አንተ በስማችን አልተጠራራንም፤ ላም የሰጠና ላም የተቀበለ ፓኪቴንግ ተባብሎ ይኖራልና። ከዘሯ ግን አምና ድርቁም በሽታውም ሲወስዱ ሲወስዱ፣ ዛሬ በበረቴ የቀረችው አንዲት ቀይ ጥጃ ብቻ ናት፤ እናቷ ባለፈው ክረምት በኦልቲካና ስለሞተች ኖልማሬይ በእጇ ወተት እያጠጣች አሳደገቻት። እርሷንም አስወጋኋት። ናሲኤኩ በአንድ ወገን በሽታውን፣ በሌላው ወገን መድኃኒቱን ሰጠቻትና ቢጫውን የጆሮ ምልክት አደረገችላት፤ ከዚያም ሁላችንን ሰብስባ እንዲህ አለች፦ "አባቶቼ፣ ሁላችሁም መርፌና ብልቃጥ በወገባችሁ ታንጠለጥላላችሁ። አንድ ወር ሙሉ እነዚህን ጥጆች እንዳትነኩብኝ። ጆሯቸው ቢሞቅ እኔን ጥሩኝ እንጂ መድኃኒት አትጨምሩ፤ መድኃኒቱ ከበዛ ሰውነታቸው በሽታውን ሳያውቀው ይቀራል።"

ኤፕሪል ላይ ዳግመኛ ትመጣለች። ያኔ መንደራችን ጥጆቹን ካወጣ ሜዳው ሁሉ ይከተላል፤ ካላወጣ ጋኑ ወደመጣበት ይመለሳል ብለዋታል አለቆቿ። ይህን ለአንተ እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር፤ የልጁ ነገር ከአባት ሊደበቅ እንደማይገባ አውቄ ግን ጻፍኩልህ።

ፓኪቴንግህ


ታንጋ
ኖቬምበር 23 ቀን 2003

ለፓኪቴንጌ ለሎሴሪያን ኦሌ ኪርቴላ፤

በጤንነትህና በጤንነታቸው ደስ ብሎኛል። የእኔን እግሮች ባትጠይቅም ልንገርህ፤ ሐኪሙ ከመኝታዬ እስከ በረንዳው ድረስ ፈቅዶላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ሁሉ ለእኔ በደብዳቤ ብቻ የሚታይ ሆኗል። ስለዚህ ዓይኔ አንተ ነህና፣ ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ እንዲያውም ያላየኸውን ጭምር ጨምርበት።

የገመዱን ብልኃት እኔ አላስተማርኳትም። እኔ ያስተማርኳት ነገር ቢኖር፣ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ባገለገልኩበት ፍርድ ቤት አጠገቤ እንድትቀመጥ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው፣ እጇ ከወረቀት በቀር ሌላ እንዳይዝ ነበር፤ እርሷ ግን የከብት ሕክምና ተምሬ መዥገር ወዳለበት እሄዳለሁ ካለችኝ ቀን ጀምሮ አምስት ወር ሙሉ አላናገርኳትም። ዛሬ ያንተን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ በሦስተኛው ላይ ለጎረቤቴ ለዓሣ ነጋዴው ሳነብለት፣ "ሞይንጋን እንዲህ ብላ ዝም አሰኘችው?" እያለ ጉልበቱን ይመታ ነበር፤ ሞይንጋን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም።

ከልጅነቷ ጀምራ እንዲህ ናት ወይ ማለትህ አይቀርም። አንድ ነገር ልንገርህ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ሸክላ ሰብራ እህቷ በስሕተት ስትቀጣ አየች። እህቷ አልተናገረችባትም፤ እርሷም በዚያ ቀን ዝም አለች። በማግሥቱ ግን ከእኔ ፊት ቆማ፣ "ትናንት መናገር የእኔ ነበር፤ ሌሊቱን ሳስበው እስኪነጋ ጠበቅኩ፣" አለችኝ። እንዲህ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ነገር እስኪናገር ጊዜ ትሰጠዋለች፤ ለራሷም ቢሆን።

ስለ ጥጃዋ ጻፍልኝ። የናዶ ዘር ነገር በዚህ በረንዳ ላይ ከእግሬ ይልቅ ያስጨንቀኛል።

ፓኪቴንግህ


ኤንካሬ ናይሮዋ
ዲሴምበር 16 ቀን 2003

ለፓኪቴንጌ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። ዝናቡ መጥቷል፤ ሜዳው አረንጓዴ ለብሷል፤ መዥገሩም ከሣሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንግዳ ይጠብቃል።

ጥጃዋ ደኅና ናት። ከዚህ አልፈህ ብትጠይቀኝም፣ ጥጃዋ ደኅና ናት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ የሌሎቹ ጥጆች ሁሉ ጆሮ ሲሞቅና ከጆሯቸው ሥር ያለው እጢ ጥቂት አበጥ ሲል፣ የእርሷ ጆሮ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ይህንንም ለጎረቤቱ ሁሉ በኩራት አስዳስሼአለሁ። ናሲኤኩ በአሥራ አራተኛው ቀን መጥታ ሁሉንም ተራ በተራ መረመረች፤ ከናዶ ጥጃ ዘንድ ስትደርስ እጇን በአንገቷ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች፤ ወደ እኔም ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ በመዝገቧ አንድ ነገር ጽፋ ወደሚቀጥለው ሄደች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።

ስለ ሞይንጋ ደግሞ ልንገርህ። ቢጫ ምልክት ያለበት ጥጃ በገበያ ፈላጊው እንደበዛ ካየ ወዲህ ቀልዱ ለዝቧል፤ "ጉትቻ ያደረገች ሙሽራ ቶሎ ትዳራለች" እያለ ይዞራል፤ ሰዎች ሲስቁበት ግን አብሮ አይስቅም። ሌላ የምጽፈው ብዙ ነበረኝ፤ ወረቀቱ ግን አለቀ።

ፓኪቴንግህ


ኤንካሬ ናይሮዋ
ማርች 9 ቀን 2004

ለወንድሜ ለሜፑኮሪ፤

ይህን ዜና ከደብዳቤው ጅራት ላስቀምጠው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንተ ወረቀቱን ስትገልጥ ከላይ ያለው ሰላምታ ሲያጥር አይተህ ገና ሳታነብ ታውቀዋለህና፣ አስቀድሜ እነግርሃለሁ፤ የናዶ ጥጃ ሞታለች። ከጆሮዋ ሥር ያለው እጢ እንደ ቡጢ አብጦ፣ ከአፍንጫዋ ነጭ አረፋ እየወጣ፣ በስድስት ቀን አለቀች። ከመንደሩ ጥጆች ምልክት ኖሯት በኦልቲካና የሞተች እርሷ ብቻ ናት።

ጊዜ ወስደህ እንድታዝን ብተውህ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን በጥጃዋ አልቆመም። ሬሳዋ በተከፈተ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ናሲኤኩ ከሩቅ መንደር ተጠርታ በእግሯ መጥታ፣ ሳንባው በአረፋ መሞላቱን ራሷ በእጇ አውጥታ አሳየች። ሞይንጋም ከጥጃዋ ጆሮ ላይ ቢጫውን ምልክት በበትሩ ጫፍ እያነሳ፣ "ይህማ ጉትቻ ነበር እንጂ ጋሻ አልነበረም፣" አለ።

"ምን ሆነ ልጄ? ሰውነቷ አይረሳውም ብለሽን አልነበረም?" አላት ሌላው።

እርሷም ደሙን በሣር እየጠረገች፣ "ክትባቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥጃዋም ሞታለች፣" ብላ ብቻ መለሰች። ወደ እኔ አልተመለከተችም፤ ሰበብ አላቀረበችም፤ በጋኑ፣ በመኪናው ወይም በመርፌው አላሳበበችም። ሠላሳ ሽማግሌ እየጮኸባት፣ ያቺ የልጅ ፊት እንዴት ረግታ እንደቆመች ብታይ፣ በእኛ የጦረኝነት ዘመን ከአንበሳ ፊት የቆሙትን ሁሉ ታስረሳሃለች።

ሽማግሌዎቹ ኤፕሪል ላይ ጥጆቻቸውን ላያወጡ ተስማምተዋል፤ በዚያው ወር ከሚደረገው የመንደሩ ጉባኤ በፊት ማንም ሐሳቡን ካልለወጠ ጋኑ ይመለሳል። ለሥራዋ ምን እንደሚሆን የምታውቀው አንተ ነህ።

ዘሯ ስላለቀ፣ በዚያች ላም ስም ልጠራህ አልደፈርኩም። ሌላም የምነግርህ ነገር አለ፤ በዚህ ወረቀት ግን አልጽፈውም።

ሎሴሪያን


ታንጋ
ማርች 25 ቀን 2004

ለሎሴሪያን፤

ስለ ጥጃዋ አዝኛለሁ፤ ሐዘኔ ግን እንዳሰብኸው ብዙ አይደለም፤ ላም ለሞት የተፈጠረች ናት። ይልቅስ ሌላ ነገር ልጻፍልህ።

በፍርድ ቤት ስጽፍ በኖርኩባቸው ዓመታት የሰማሁትን የምስክር ቃል ብዛት ኤንጋይ ይወቀው። ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ እውቀት አንድ ነው፤ ሰው በጨለማ ውስጥ መንገዱን ሲሄድ ድንጋይ ካለበት ቦታ ሲደርስ እግሩን እንደሚያነሳ ሁሉ፣ ምስክርም አውቆ የሚሸሽገው ነገር ዘንድ ሲደርስ ቃሉን አንሥቶ ያልፈዋል። ናሲኤኩ ለእኔ ጽፋለች። ደብዳቤዋ ካንተ ደብዳቤ ያጠረ ነው፤ እግሯን ያነሳችበት ቦታ ግን አንተ ካነሳህበት ቦታ ጋር አንድ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ድንጋይ ላይ ተራምዳችኋል።

ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። እኔ ዛሬ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ዳኛም ሆኜ አላውቅም። የሸክላውን ታሪክ ግን አልረሳኸው ይሆናል።

ሜፑኮሪ


ኤንካሬ ናይሮዋ
ኤፕሪል 14 ቀን 2004

ለወንድሜ ለሜፑኮሪ፤

የጉባኤው ቀን ትናንት ነበር። እግርህ እንጂ ጆሮህ አልታመመምና ሁሉን ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ደብዳቤዬን እንዳትቀድ ብቻ እለምንሃለሁ።

ጥጃዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። በተከተበች ማግሥት ጠዋት፣ ሌላው ሰው ከብቱን ሲያሰማራ፣ ከወገቤ ከረጢት መርፌዬን አውጥቼ በአንገቷ ላይ ሦስተኛውን መርፌ ወጋኋት፤ በአራተኛውም ቀን ደገምኩት። ልጅህ የነገረችንን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም፤ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ እጢውን በጋለ ብረት ስንተኩስ ኖረን፣ እጃችን ላይ ብልቃጥ የገባ ቀን እኛ ማሳዮች ሁሉ ሐኪም ሆነናል፤ መድኃኒት ጥሩ ከሆነ ብዙ መድኃኒት የበለጠ ጥሩ ነው ብሎ የማያምን እረኛ በዚህ ሜዳ አላውቅም። ለሌሎቹ ጥጆቼ ትእዛዙን ጠበቅኩ፤ ለእርሷ ብቻ፣ የአንተ ስጦታ ስለሆነች፣ ፍቅሬ ከመመሪያው በለጠ። የቀዘቀዘ ጆሮዋን ለጎረቤት ሳስዳስስ፣ ለካ ሰውነቷ ምንም ሳይማር መቅረቱን ነበር ሳስዳስስ የኖርኩት።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በትሬን ይዤ ናሲኤኩ ወዳረፈችበት ሄድኩ። መርፌዎቿን እየቀቀለች ነበር።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ መጣሁ፣" አልኳት።

"ስለ ሦስተኛው መርፌ ነው፣ አባቴ?"

ከቆምኩበት ተቀመጥኩ። "ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። አንገቷ ላይ እኔ ያልወጋሁበት ቦታ እብጠት ነበር። አንዱ ደግሞ ከርሱ በታች።"

"ታዲያ ሬሳው ፊት ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"መናገሩ የእርስዎ ነበራ።"

"ባልናገርስ?"

"ጉባኤው ማክሰኞ ነው። ሽማግሌዎቹ እምቢ ብለው እስኪነሡ እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ እኔው እናገራለሁ።" ውኃውን ከእሳቱ አወረደች። "እወድዎታለሁ፣ አባቴ። የሌላ ሰው ጥጃ ግን በእርስዎ ዝምታ እንዲሞት አልተውም።"

ሜፑኮሪ፣ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በጥፊም በጦርም ተመትቼ አውቃለሁ። እንዲህ በለሰለሰ እጅ ግን ተመትቼ አላውቅም። ጊዜውን መስጠቷ ክብሬን ጠብቃ ነው፤ ወሰን ማበጀቷም ደግሞ ጥጆቹን ጠብቃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ የቻለ ሽማግሌ በመካከላችን ማን ነው?

በጉባኤው፣ ሞይንጋ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ የተናጋሪውን በትር ተቀብዬ ተነሣሁና ከላይ ለአንተ የጻፍኩትን ቃል ለቃል ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተናገረው ያው ሞይንጋ ነው።

"የእኔ ጥጆች ለምን አልሞቱም?" አለ ራሱን እያከከ።

"አንተም ወግተህ ነበር?" አልኩት።

"እኔ? መድኃኒት እየገዛሁ በደኅና ጥጃ ላይ ላፍስስ?" ዞር ብሎ ሁሉንም አየ። "እንግዲህ ስሙ፣ እናንተ ሽማግሌዎች! ስታሙኝ የኖራችሁበት ስስት ጥጆቼን አተረፈልኝ።"

ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ በሳቁ ውስጥም ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ ስማቸውን ለክብራቸው አልጽፍም፣ እነርሱም እንደ እኔ አድርገው ኖሮ፣ ራሳቸውን አቀርቅረው እጃቸውን አነሡ። ናሲኤኩ የእነርሱን ጥጆች ዳግመኛ ልትከትብ ቃል ገባች። እኔ የበሬ ቆዳ አስመጥቼ ከግራሩ ሥር አነጠፍኩና ከወገቤ ከረጢቴን ፈትቼ፣ ከነመርፌው ከነብልቃጡ፣ ከላዩ አኖርኩ። ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ ጎረቤቴ አኖረ፤ ከዚያ ሌላው፤ የጦር ጓዶቻችን ሰላም ሲወርድ ጦራቸውን እንዳስቀመጡ ሁሉ ሽማግሌው በየተራ ከረጢቱን አስቀመጠ።

"ለማን ነው የምንሰጠው?" አለ አንዱ።

"ለወንድ ከሰጠነው ተመልሶ ይወጋበታል፣" አለ ሞይንጋ። "ለሴቶቹ ስጡ። ጥጃ የሚያሳድጉት እነርሱ ናቸው።"

ስለዚህ ከረጢቶቹ ሁሉ ለአንድ ወር በኖልማሬይ ቤት ተሰቅለዋል። ገመዶቹም ዛሬ ጠዋት ተከመሩ፤ ከባለፈው ጊዜ ክምሩ ይበልጣል።

ሽማግሌዎቹ ልጅህን ስላስበደልኳት ካሣ ፈረዱብኝ፤ እኔም ከፍርዱ በፊት መርጬ ነበርና ከደኅናዎቹ ላሞቼ የተወለደችውን ግራጫ ጥጃ ሰጠኋት፤ በእኔ በረት ትጠበቅላታለች። ዛሬ ከሌሎቹ ጋር ተከትባለች። ጥጃ የሰጠና የተቀበለ ፓሼ ይባባላልና፣ ከአሁን በኋላ ልጅህና እኔ በዚህ ስም እንጠራራለን። የአንተንና የእኔን ስም ግን እኔው በእጄ ገድየዋለሁ።

ሎሴሪያን


ታንጋ
ኤፕሪል 22 ቀን 2004

ለፓኪቴንጌ፤

ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ያቺን ላም ከደጅህ አስሬ ስሄድ ዘሯ እስከ ዛሬ ይቆያል ብዬ አልነበረም፤ እስከሚቀጥለው ዝናብ ልጆችህ ወተት ይጠጡ ብዬ ነበር። ጠጥተዋል። ስሙን ያሰርኩት በአንተ ላይ እንጂ በእርሷ አንገት ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በሌላ ስም ከጠራኸኝ ያኔ ደብዳቤህን እቀድደዋለሁ።

ለናሲኤኩ ጽፌአለሁ። ለአምስቱ ወር ዝምታዬ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ መናገሩ የእኔ ነበርና።

ፓኪቴንግህ


ኤንካሬ ናይሮዋ
ሜይ 3 ቀን 2004

ለፓኪቴንጌ ለሜፑኮሪ ኦሌ ታሩስ፤

ልጆችህንና በበረቴ ያለችውን የልጅህን ጥጃ እጠይቃለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ ሰላምታው እውነተኛ ሆኗል።

ናሲኤኩ ደብዳቤህን ተቀብላ ምን አደረገች ብትለኝ፣ አጥፋ በመዝገቧ መካከል አስቀመጠችው፤ ሥራ ስትጨርስ እንደገና ስታወጣው አይቻለሁ። ጋኑ ነገ ወደ ምሥራቁ መንደር ይሄዳል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ ሞይንጋ ለምስክርነት አብሮ ካልሄድኩ ብሎ መኪናው ላይ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ማንም ሊያወርደው አልቻለም።

ስለ ራሴ ደግሞ ልንገርህ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የግራጫዋ ጥጃ ጆሮ ሞቀ። ከጆሮዋ ሥር ያለውን እጢ በጣቴ ስነካው አብጧል። እጄ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ወደ ወገቤ ሄደ፤ ባዶ ነበር። ወደ ቤት ሄድኩ፤ ኖልማሬይ ከበሩ ተቀምጣ ዶቃ ትሰካለች፤ ከራሷ በላይ ከረጢቶቹ ተሰቅለዋል።

"የጠፋብህ ነገር አለ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"የለም።"

"እንግዲያው ከጥጃዋ ዘንድ ተመለስ።"

ናሲኤኩን አስጠራሁ። መጣች፤ እጢውን ዳሰሰች፤ ሙቀቷን ለካች፤ ዓይኗን ገልጣ አየች። "ፓሼ፣ ይህን ነው ስንጠብቅ የነበረው፤ እየተማረች ነው፣" አለችኝና ሄደች። እኔም ከጥጃዋ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ፓኪቴንግ፣ ከብት ሳድን፣ ከአውሬ ስከላከል፣ ከድርቅ ስሸሽ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ እንደነዚያ ሁለት ቀናት ግን ሠርቼ አላውቅም፤ ሥራዬም እጆቼን በጉልበቶቼ መካከል አድርጌ ዝም ብዬ መቀመጥ ነበር። ኖልማሬይ ወተት አመጣችልኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ጆሮዋ ቀዘቀዘ፤ ይህኛው ቅዝቃዜ ግን ከሙቀት በኋላ የመጣ ነበር።

ልጅህ ስም ስታወጣላት ናዶ አለቻት። ናዶ ቀይ ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ጥጃዋም ግራጫ ናት፤ ሞይንጋ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ "ልጅቷ መርፌ እንጂ ቀለም አልተማረችም፣" ብሎ ጮኸባት። ይህን ስጽፍልህ ግራጫዋ ናዶ፣ መዥገር በሞላበት ሣር ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ትነጫለች።

ፓኪቴንግህ